ቀለሁ የወደቀበት

ባለፈው ዓመት ሥራ ሳቆም የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች "እንኳን ለጡረታ አበቃህ" አሉኝ። አመስግኜ አለፍኩ። ዕድሜዬ ደርሷል፣ ዓይኔም ደክሟል፤ ያሉት ስሕተት አልነበረም። ከሥራ የወጣሁበት ሌላም ምክንያት ነበር፤ እሱን ለመናገር ግን ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ።

ሥራዬ ጠመንጃና ሽጉጥ መጠገን ነበር። በሀገሬ ሳለሁ በሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ የሚመጣልን መሣሪያ ባለቤት አልነበረውም፤ ቁጥር ብቻ ነበረው። ቁጥሩን መዝግበን፣ የተሰበረውን ቀይረን፣ ዘይት ቀብተን ወደ ሣጥኑ እንመልሳለን። ማን እንደያዘው፣ ማን እንደሚይዘው የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

መንግሥት ሲለወጥ ከባለቤቴ ከወይንሸት ጋር በሞያሌ በኩል ተሻግረን ናይሮቢ ገባን። ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ የሀገራችን ነጋዴ ነበሩ፤ ጨርቅና የተሰፋ ልብስ ያከፋፍላሉ። በሱቃቸው ጥግ አንዲት ጠረጴዛ ሰጡኝና የልብስ ስፌት መኪና እየጠገንኩ አምስት ዓመት ቆየሁ። ልጃችን ሩት የተወለደችው ያኔ ነው።

አንድ ቀን ከነጭ ሪዛቸው በስተቀር ሁሉ ነገራቸው ቀጭን የሆነ አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ የሚስታቸውን ስፌት መኪና ይዘው መጡ። ሠርቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው የሞረድኩትን ብረት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳሰሱት።

"እንዲህ መሞረድ የት ተማርክ?"

"በጦር ሠራዊት።"

"ምን ትሞርድ ነበር?"

ነገርኳቸው። ሚስተር ሞሃን ይባላሉ፤ ፓርክላንድስ ውስጥ ፈቃድ ያለው የመሣሪያ መጠገኛ ነበራቸው። "ሰኞ ና" አሉኝና ሄዱ።

ለሐጂ ኑሩ ነገርኳቸው። "አንተ ልጅ፣ ከመሣሪያ ሸሽተህ መጥተህ ደግሞ ወደ መሣሪያ?"

"የማውቀው እሱን ነው፣ ሐጂ።"

"እንግዲያውስ በደንብ እወቀው" አሉኝ። ይህን ያሉኝ እንደ ምርቃት ነበር።

ፖሊስ ጣቢያና ኢሚግሬሽን ስመላለስ ሁለት ክረምት አለፈ። በመጨረሻ ሚስተር ሞሃን በስማቸው ፈርመው የሥራ ፐርሚት አወጡልኝ። ስለ ወረቀቱ ይኼን ያህል ይበቃል፤ ኋላ ግን አንድ ጊዜ እመለስበታለሁ።

ሽጉጥ ሲተኮስ እርሳሱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ባዶ የቀረው የናስ ቀፎ፣ ቀለሁ ማለቴ ነው፣ ወደ ኋላ ተስቦ ወደ ውጭ ይወረወራል። ነክሶ የሚስበው የድመት ጥፍር የምታህል አንዲት ብረት ናት፤ እኛም ጥፍር ነበር የምንላት። ከኋላ ሌላ ትንሽ ብረት ቆሞ ቀለሁን ይመታውና ያስፈነጥረዋል። ሁለቱ ከተስማሙ ቀለሁ በቀኝ በኩል ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል። ካልተስማሙ ወደ ላይ ይነሣል፣ ወይ ተኳሹ ፊት ላይ ይመጣል። ከእሳት የወጣ ናስ ስለሆነ ያቃጥላል። ከሁሉ የከፋው ግን ማቃጠሉ አይደለም። ፊቱ የተቃጠለ ሰው ይደነግጣል፤ ጣቱ ደግሞ ገና ቃታው ላይ ነው።

ይህን የመጨረሻውን የነገሩኝ እሳቸው ዘንድ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሚስተር ሞሃን ብዙ አይናገሩም ነበር። ጠዋት ሲገቡ ብሎን የሚቀመጥበትን ሳህን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ሻያቸውን ከስኒው ወደ ስኒ ማስቀመጫው ገልብጠው ይጠጣሉ። ደንበኛ ሲመጣ ሽጉጡን አይቀበሉም፤ መጀመሪያ ወንበር ይሰጡታል። "እጅህን አሳየኝ" ይሉታል። መዳፉን፣ የጣቶቹን ርዝመት፣ የትኛው እጁ እንደሚቀድም ያያሉ። ከዚያ ነው ወደ ብረቱ የሚመጡት።

የማልረሳው አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ነው፤ ከናኩሩ በኩል የመጣ፣ እርሻ ያለው። ሽጉጡ ቀለህ ግንባሩ ላይ ይወረውርበታል። እኔ በደቂቃ ውስጥ ፈረድኩ። ጥፍሩን ፈትቼ፣ ባሩድ የሌለው የማስመሰያ ጥይት አስነክሼ ነቀነቅኩት፤ አልወደቀም፣ ግን ላላ ያለ መሰለኝ። "ጥፍሩን እንቀይረው" አልኩ።

"ቀለሁ የት ወደቀ?" አሉኝ።

"ግንባሩ ላይ ነው ያለው።"

"እሱ ነው ያለው። አንተ የት ሲወድቅ አየህ?"

አስተማሪውን ይዘን ከከተማ ወጣ ብሎ አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ሄድን። ሚስተር ሞሃን ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ። አስተማሪው በራሱ እጅ፣ በራሱ ጥይት እንዲተኩስ አደረጉና እሳቸው ከኋላው ቆመው ቀለሁ የወደቀበትን ሁሉ ሲሚንቶው ላይ በክብ ምልክት ያደርጉ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ አስሩ በቀኝ ወደቁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ በእጃቸው "ቆይ" አሉኝ። ከአስራ ሦስተኛው በኋላ ቀለሁ ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ። አስራ ሰባተኛው የሰውየው ባርኔጣ ላይ ዐረፈ። ጥፍሩ ደህና ነበር። ጥፋቱ የደከመ ሞላ ነው፤ መሣሪያው ሲግልና ጥላሸት ሲይዝ ብቻ የሚታይ።

በመመለሻችን መኪና ውስጥ እንዲህ አሉኝ፦ "ታዴሳ፣ አንተ ብትተኩስ አምስት ጥይት ተኩሰህ ደህና ነው ትል ነበር። እጅህ ጠንካራ ነው፣ ጥይትህ አዲስ ነው። ሽጉጡ ግን የሚኖረው ከአንተ ጋር አይደለም።" ስሜን እንደዚህ ነበር የሚጠሩት፤ ኬንያውያኑም ከእሳቸው ሰምተው ታዴሳ አሉኝ።

ከእሳቸው ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ሠራሁ። በሞርሳ የታሰረ ብረት ላይ ሞረድ ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ሳይቆጥሩ መሥራት አይወዱም ነበር፤ ሦስት ጊዜ ሞርደው ያቆማሉ፣ ይለካሉ፣ እንደገና ሦስት። "ያነሣኸውን መልሰህ አትለጥፈውም" ይሉ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ከእጃችን የወጣ መሣሪያ ሰው ሲጎዳ አልሰማሁም።

ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ሥራውን ለልጃቸው ለኪሪት ተዉለት። ኪሪት መጥፎ ሰው አልነበረም። ሱቁን ወደ ዌስትላንድስ አዛወረው፤ መስታወት፣ መብራት፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ። "ሞረዱን ተወው ታዴሳ፣ ፓርቱን ቀይርና ሂድ" ይለኛል። የተኩስ ሜዳውንም ገዛ። ረቡዕና ቅዳሜ እዚያ እገኝ ነበር፤ የሜዳው ኃላፊ ከኦቲየኖ ጋር የተዋወቅነው ያኔ ነው።

ኦቲየኖ ከውትድርና በጡረታ የወጣ፣ ረጅም፣ ድምፁ ያለ ማጉያ የድንጋይ ካባውን የሚሞላ ሰው ነበር። ምሳ አብረን እንበላለን። የእኔን ጾም ከእኔ በላይ ይከታተላል። "ዛሬ ረቡዕ ነው። ዓሣ ትበላለህ ወይስ አትበላም? እናንተ ሰዎች አንድ ነገር ወስኑ!" ይለኛል፤ እኔም በዚህ ጉዳይ ሊቃውንቱም እንዳልተስማሙ እነግረዋለሁ። ሩት ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ከአባቷ ቀድሞ ያለቀሰው እሱ ነው። በሀገሬም ሆነ እዚህ እንደ እሱ ያለ ጓደኛ አላገኘሁም።

ንጄሪ የመጣችው በዚያ ጊዜ ነው። መሃል ከተማ የቧንቧና የሚስማር ሱቅ ያላት፣ ባሏ የሞተባት፣ ሃምሳዎቹን የጀመረች ሴት። ሁለት ጊዜ በመሣሪያ ተዘርፋለች። ፈቃድ አውጥታ ሽጉጥ የገዛችው ከእኛው ሱቅ ነው፤ ያገለገለ ግን ደህና የተያዘ። ኦቲየኖ እያስተማራት በየቅዳሜው ትተኩስ ነበር።

"ፉንዲ፣ ይሄ ነገር ፊቴ ላይ ይተፋል" አለችኝ። ፉንዲ ማለት ባለሙያ ማለት ነው፤ እንዲያ ነበር የምትጠራኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ አጽድቼ ሰጠኋት። በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰች። ጉንጯ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህል ቀይ ምልክት ነበር። ሽጉጡን ይዤ ወደ መተኮሻው ሄድኩና በራሴ እጅ፣ ከሱቁ አዲስ ጥይት አምስት ተኮስኩ። አምስቱም ቀኝ ወደቁ።

"ሽጉጡ ደህና ነው" አልኳት። "እጅሽ ላልቶ ነው። ሲላላ እንደዚህ ያደርጋል። ጠበቅ አድርገሽ ያዢው።"

ይህ በራሱ ውሸት አይደለም፤ የላላ እጅ ቀለህን ፊት ላይ ያመጣል። ተራ የሚጠብቁ ሁለት ወንዶች ሳቁ። ንጄሪ አልሳቀችም። ሁለት እጆቿን አንሥታ አሳየችኝ።

"ፉንዲ፣ እኔ በዚህ እጅ የሲሚንቶ ከረጢት ነው የማነሣው። ላላ ነው የምትለኝ?"

መዳፏ ወፍራምና የተላጠ ነበር። ሚስተር ሞሃን ቢሆኑ ያን እጅ ይዘው ያገላብጡት ነበር። እኔ አየሁት፤ አይቼም አላየሁትም። እነዚያ ሁለት ወንዶች ፊት ሐሳቤን መለወጥ አልፈለግሁም። እውነቱ ይኼ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ስፈልግ ዓመታት አሳልፌ አላገኘሁም።

ለሦስተኛ ጊዜ በስልክ ደወለች፤ ዐርብ ቀን ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ አንድ መሣሪያ ተሰልፏል። ኪሪት አጠገቤ ቆሞ በእጁ "አሳጥረው" ይለኛል። "ነገ ሜዳ ነይ፣ ኦቲየኖ አያያዝሽን ያስተካክልልሻል" አልኳትና ዘጋሁት።

በማግስቱ እኔም ሜዳው ላይ ነበርኩ። በመተኮሻው ጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ የሰው ጠመንጃ ፈትቼ ተቀምጫለሁ። የኦቲየኖ ድምፅ ይሰማኛል፤ "ቀስ፣ ቀስ፣ ተንፍሺ፣ አሁን።" ተኩስ። "ጎበዝ። አሁን።" ተኩስ። ከዚያ የንጄሪ ጩኸት፣ ወዲያው ሌላ ተኩስ፣ ከዚያ ጸጥታ። ያ ጸጥታ ትክክል አልነበረም። ተነሥቼ ሮጥኩ።

ቀለሁ በመነጽሯና በቅንድቧ መካከል ገብቶ ተቀርቅሮ ነበር። የዓይኗ ቆብ ላይ ተጣብቆ ሲያቃጥላት በግራ እጇ ሊያወጣው ስትታገል ሰውነቷ ዞረ፤ ቀኝ እጇም አብሮ ዞረ፤ ጣቷም ቃታውን ጨበጠ። ኦቲየኖ መሬት ላይ ተቀምጦ ቀኝ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዟል። በጣቶቹ መካከል የሚወርደው ደም ብዙ ነበር። እንዲያም ሆኖ የሚናገረው ለእሷ ነው፦

"ማማ፣ ወደ መሬት አድርጊው። እንደዚያ። አስቀምጪው። ጎበዝ። አሁን ራቂ።"

ቀበቶዬን ፈትቼ ጭኑን አሰርኩት። ሆስፒታል ስንወስደው መኪና ውስጥ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። "የማን ጥፋት ነው?" አላለም። "ፖሌ፣ ፖሌ፣ አይዞሽ በሏት" ነበር የሚለው፤ ፖሌ በስዋሂሊ አይዞሽ እንደ ማለት ነው።

ጉልበቱ አልተመለሰም። ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና አደረጉለትና እግሩ ተርፎ ጉልበቱ ደረቀ። ንጄሪ ዓይኗ ተረፈ፤ ቆቡ ላይ ጠባሳ ቀረ።

ከአራት ቀን በኋላ አንድ መርማሪ ሽጉጡን በላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣና የባለሙያ አስተያየት ጠየቀን። ብቻዬን ጠረጴዛ ላይ ፈታሁት። ጥፍሩን በአጉሊ መነጽር አየሁ። ጫፉ ተሸርፏል። በዓይን የማይታይ፣ የፀጉር ስስነት ያህል ስብራት፤ ከስሩ ጥላሸት ጠጥሯል። የማስመሰያ ጥይት አስነክሼ ነቀነቅኩት። አንዴ ያዘ። አንዴ ያዘ። በሦስተኛው ወደቀ። በጠንካራ እጅ፣ በንጹሕ መሣሪያ፣ በአዲስ ጥይት አምስት ጊዜ ይሠራል። ሲግል ግን ቀለሁን ግማሽ መንገድ ላይ ይለቀዋል።

ያን ዕለት አምስት ብቻ ባልተኩስ ኖሮ፣ በእሷ እጅ ሃያ ባስተኩሳት ኖሮ፣ ወይም በቀላሉ አጉሊውን ባነሣ ኖሮ።

ለኪሪት ነገርኩት። "ይተኩሳል ወይ?" አለኝ።

"ይተኩሳል።"

"ካልተኮሱበት ራሱ ይተኩሳል?"

"የለም።"

"እንግዲያው የምትጽፈው እሱን ነው። መሣሪያው ይሠራል። የቀረው የሴትየዋ አያያዝ ነው፤ አንተም ቀድመህ ነግረሃታል፣ ምስክር አለህ።"

ዘገባውን እሱው አስጻፈው። ሊያስፈርመኝ ሲመጣ አንድ ላይ ሁለት ወረቀት አስቀመጠልኝ፤ ከላይ ዘገባው፣ ከሥር የፐርሚቴ ማደሻ። አላስፈራራኝም። ሁለቱንም ፈረምኩ።

ማታ ለወይንሸት ነገርኳት። የምትሠራበት ምግብ ቤት ሊዘጋ ነው ይባል ነበር፤ ሩትም ገና ሥራ እየፈለገች ነው። ወይንሸት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። "ሰውየው አልሞተ። ሴትዮዋም አልታሰረች። ዝም በል፣ ታዴ" አለችኝ። ዝም አልኩ። በእሷ አላላክክም፤ "ተናገር" ብትለኝስ እናገር ነበር ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱን አላውቀውም።

አደጋ ነው ተብሎ ፋይሉ ተዘጋ። የንጄሪ ፈቃድ ተሰረዘ፤ በቸልተኝነት የሚል ቃል በላዩ ተጽፎ።

ሚስተር ሞሃን ሰምተው አስጠሩኝ። ፓርክላንድስ ቤታቸው አልጋ ላይ ናቸው። ነጭ ሪዛቸው ሳይቀር ቀጥኗል።

"ቀለሁ የት ወደቀ?" አሉኝ።

"አያያዟ ነው፣ ሚስተር ሞሃን። እጇ ላላ ነው።"

"በማን እጅ ፈተንከው?"

"በእኔ።"

"ስንት?"

"አምስት።"

ሌላ አልጠየቁኝም። ዓይናቸውን ጨፍነው "ሻይ አምጡለት" አሉ ለሚስታቸው። ሻዩን ጠጣሁ። ስነሣ እጃቸውን አልሰጡኝም፤ ተኝተው ይሁን አውቀው ይሁን አላወቅሁም። በሁለት ወሩ ዐረፉ። አስከሬናቸው ሲቃጠል ከኋላ ቆሜ ነበር። እውነቱን ልነግራቸው የምችልበት ሁለት ወር ነበረኝ፤ ቤታቸው ከሱቁ በማታቱ ታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሠራሁ። ማንንም እጅህ ነው፣ እጅሽ ነው ብዬ አላውቅም። እያንዳንዱን በባለቤቱ እጅ ሃያ ጥይት አስተኩስ ነበር፤ ኪሪት በጥይቱ ዋጋ ቢነጫነጭም። ሰዎች "ጠንቃቃ ነው" ይሉኛል። ስሜ የተጠራው ከጥፋቴ በኋላ ነው።

ኦቲየኖን እጠይቀው ነበር። ሜዳው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የደኅንነት ትምህርት ይሰጣል፤ እሁድ እሁድ ኡሞጃ ሰፈር ወዳለው ቤቱ እሄድ ነበር። አንድ ጊዜም ስለ አደጋው አንሥቶ አያውቅም። እኔ ጾሙን ስረሳ ያስታውሰኛል፣ እንደ ድሮው።

ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ፣ ከተለመደው ሰዓቴ ቀድሜ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ንጄሪ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ከኦቲየኖ ሚስት ጋር ስኩማ የሚሉትን ጎመን ትከትፋለች፤ ቢላዋውን በግራ እጇ ይዛ፣ ዝግ ብላ፣ እንደ ሕፃን።

"ፉንዲ!" አለችኝ፤ ደስ ብሏት። "እንደምን አለህ?"

ኦቲየኖ ነው የነገረኝ፤ ከቤት ወጥተን ደጁ ላይ ስንቀመጥ። ንጄሪ ከሆስፒታል ጀምሮ በወር ሁለት ጊዜ ትመጣለች። ሱቁን ለልጇ ሰጥታለች። በቀኝ እጇ ቢላዋም፣ መሪም፣ የሞቀ ድስትም አትይዝም። ልጇ የልጅ ልጇን ሊያስታቅፋት ሲሞክር "ይሄ እጅ አይታመንም" ትላለች።

"መቶ ጊዜ ይቅር ብዬሻለሁ ብያታለሁ" አለኝ። "አይገባላትም።"

እውነቱን ሳልነግረው ገብቼ ምሳ በላሁ። ንጄሪ በግራ እጇ ውኃ ቀዳችልኝና አመስግኜ ጠጣሁ። ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ለሁለት ሳምንት እህል አልወርድልህ አለኝ። ሩት አስተዋለች። ተቀምጣ "ዳዲ፣ ምንድን ነው? ቶክ ቱ ሚ" አለችኝ። ነገርኳት። ልጄ ጠበቃ አይደለችም፣ ፈራጅም አይደለች፤ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከጨረስኩ በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ "ሺ ስቲል ዳዝንት ኖው?" እስካሁን አታውቅም?

ወይንሸት ከወጥ ቤት ትሰማ ነበር። እጇን እየጠረገች መጣች። "እኔም አብሬ ፈርሜያለሁ" አለች። "እሁድ አብረን እንሄዳለን።"

አብረን ሄድን። ኦቲየኖም ንጄሪም ነበሩ። ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ ቁጭ በል ቢሉኝም። ስለ ጥፍሩ፣ ስለ ስብራቱ፣ ስለ አምስቱ ጥይት፣ ከፖሊስ ከረጢት አውጥቼ ሳየው ስላወቅሁት፣ አውቄም ስለፈረምኩት። ስዋሂሊዬ ሲጠፋብኝ ወይንሸት ታቀብለኛለች።

ንጄሪ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታየዋለች፤ እንደ ሰው ዕቃ።

"ሰባት ዓመት ሙሉ" አለች በመጨረሻ፣ "ይሄን እጅ ስጠላው ኖርኩ።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት።

"ይቅርታውን ቆይ። መጀመሪያ ጻፈው። ያኔ የፈረምከውን አፍርሰህ ጻፈው። ልጄ እንዲያነበው እፈልጋለሁ።"

የኦቲየኖ ሚስት የልጆች ደብተር አመጣች። ጻፍኩ። ጥፍር የሚለውን በስዋሂሊ ምን እንደምል ስቸገር ራሱ ኦቲየኖ ነገረኝ። ፈረምኩ። ወይንሸትም ምስክር ሆና ፈረመች። ንጄሪ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች። ወደ ኦቲየኖ ዞረች።

"ከእንግዲህ የምመጣው ዕዳ አለብኝ ብዬ አይደለም" አለችው። "ስለምወዳችሁ ነው።" እኔን ሳታይ ወጣች።

የወረቀቱን ግልባጭ ለኪሪትና ለፖሊስ ወሰድኩ። ፖሊስ ተቀብሎ ማኅተም መታልኝ፤ ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የለም። ኪሪት አንብቦ "ዕድሜህም ደርሷል፣ ታዴሳ" አለኝ፤ በዚያው ሳምንት የሥራ ሽርጤን አስረከብኩ። አልተቀየምኩትም። ሁለታችንም ያንን ቀን ስንጠብቅ የኖርን ይመስለኛል።

በዚያ እሁድ ወይንሸት ቀድማ ወደ መንገድ ስትወጣ ኦቲየኖ በከዘራው እስከ በሩ ሸኘኝ። ለእሱ የምለውን በልቤ አዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ ቀደመኝ።

"ጉልበቴን እንኳ ተወው" አለኝ። "እሱን ድሮ ተውኩት። ግን እኔ ያቺን ሴት ላላጠፋችው ጥፋት ሰባት ዓመት ይቅር ስላት ኖርኩ። አንተ ደግሞ እውነቱን እያወቅህ፣ እዚያው ተቀምጠህ ከእኔ ትሪ ትበላ ነበር።"

"አዎ።"

"ለጊዜው እሁድ አትምጣ። አልጠላሁህም። ጊዜ ስጠኝ። እኔ ራሴ እደውልልሃለሁ።"

ይህ ከሆነ ዘጠኝ ወር አለፈ። ንጄሪ አሁን የልጅ ልጇን እንደምታቅፍ ወይንሸት ገበያ ላይ ካገኘቻት ከኦቲየኖ ሚስት ሰምታለች። ደስ ብሎኛል፤ ደስታው የእኔ እንዳልሆነም አውቃለሁ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤት እቀመጣለሁ። ስልኬ ሲጮኽ ወይንሸት ከወጥ ቤት ብቅ ብላ "እሱ ነው?" ትለኛለች።

እስካሁን እሱ ሆኖ አያውቅም።